የሲዲው ጀርባ፦ በግል ስለሚታተሙ የቺካኖ ራፕ አልበሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሎስ አንጀለስ እንደመጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። አብሮኝ ካርቶን የሚጭን አንድ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። በእረፍት ሰዓታችን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን እየበላን ሙዚቃ ያሰማኝ ነበር። አንድ ሌሊት ሲዲ አቀበለኝና «ዘፈኑን ከመስማትህ በፊት ጀርባውን አንብብ» አለኝ። አነበብኩት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዘፈኖች አጠገብ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ያን ጊዜ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሙዚቃ ስሰማ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወዳጆቼም ደጋግመው ይጠይቁኛል። የሚበዙትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቺካኖ ማለት ምን ማለት ነው? ሜክሲካዊ ማለት ነው?

የዘር ሐረጉ ከሜክሲኮ የሆነ አሜሪካዊ ማለት ነው። ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቃሉ ድሮ እንደ ስድብ ይወሰድ ነበር። በ1960ዎቹ ወጣቶች ስድቡን አንስተው የኩራት ስም አደረጉት። በ1968 የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተማሪዎች የትምህርት ጥራት ይሻሻልልን ብለው በሺዎች ከክፍል ወጡ። በነሐሴ 1970 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በዚያው ሰፈር ትልቅ ሰልፍ ተደረገ። ራሱን ቺካኖ ብሎ የሚጠራ ሰው ይህን ሁሉ አብሮ እየጠራ ነው።

ሌላም አለ። ካሊፎርኒያ፣ አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ እስከ 1848 የሜክሲኮ መሬት ነበሩ። «እኛ ድንበሩን አልተሻገርንም፣ ድንበሩ ነው እኛን የተሻገረን» የሚል አባባል አላቸው። ራፑ ውስጥ የሰፈር ስም ያን ያህል የሚደጋገመው ለምን እንደሆነ ሲገርማችሁ ይህን አስታውሱ።

መቼ ተጀመረ?

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው 1990ን ነው። በዚያ ዓመት ኪድ ፍሮስት «ላ ራዛ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። በጎርናና ድምፅ፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ እየቀላቀለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ዘፈኑን ስሙትና ከሥር ያለውን ሙዚቃ ልብ በሉ። ታሪኩ ደስ ይላል። ዜማውን የሠራው ጄራልድ ዊልሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ ነው። የሠራውም ቲራዶ ለሚባል ሜክሲካዊ በሬ ተፋላሚ ክብር ነው። በ1970 ኤል ቺካኖ የተባለ የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ባንድ እንደገና ተጫወተው። ከሃያ ዓመት በኋላ ኪድ ፍሮስት ያንን ቆርጦ ራፕ ጨመረበት። አንድ ዜማ በሦስት ትውልድ እጅ አልፏል። ስለዚህ ሙዚቃ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይህንን ነው።

በዚያው ሰሞን ሌሎችም ነበሩ። ኩባ የተወለደው ሜሎ ማን ኤስ «ሜንቲሮሳ»ን አወጣ። ከሪቨርሳይድ ከተማ ኤ ላይተር ሼድ ኦፍ ብራውን የተባሉት ሁለት ልጆች መጡ። በ1991 ኪድ ፍሮስት፣ ሜሎ ማን ኤስና ሌሎች ተሰባስበው ላቲን አላያንስ በሚል ስም አንድ አልበም ሠሩ። ሳይፕረስ ሂል የተባለው ቡድንም የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። የሜሎ ማን ኤስ ወንድም ሴን ዶግ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነው። ገና ከመነሻው ሁሉም እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር።

ታዲያ ለምን ብዙዎቹ በግል አሳተሙ?

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለማን እንደሚሸጡት ስላላወቁ ነው። ኪድ ፍሮስትን ቨርጂን አሳትሞታል። ከሱ በኋላ ግን በሩ ለብዙዎች አልተከፈተም። የስፓኒሽ ሬዲዮዎች «ይሄማ እንግሊዝኛ ነው» አሉ። የሂፕ ሆፕ ሬዲዮዎች ደግሞ «ይሄማ የሜክሲኮ ነው» አሉ። ከሁለት ያጣ ሆነ።

ስለዚህ ልጆቹ የራሳቸውን ሙዚቃ ቤት ከፈቱ። የካሴት ዘመንን ያየ አዲስ አበቤ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሱቁም አሳታሚውም አከፋፋዩም አንድ ሰው ነው። አንድ ሺህ ሲዲ ያሳትሙና የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው ይሸጣሉ። ስዋፕ ሚት የሚባሉ ገበያዎች አሉ። ካልሲም፣ ወርቅም፣ የመኪና ቴፕም የሚሸጥባቸው ናቸው። እዚያ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። የሎውራይደር መኪና ትርኢት ሲኖርም ሲዲው አብሮ ይሄዳል። ሎውራይደር ማለት መሬት እስኪነካ ዝቅ የተደረገ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አሮጌ መኪና ነው። ያን መኪና የሚወድ ሰው ይህን ሙዚቃ ይገዛል።

ከ1991 ጀምሮ በሲዲው ዘመን የአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ሽያጭ የሚቆጥረው ሱቅ ካሸር ላይ ባርኮድ ሲነበብ ነበር። ከመኪና ኮፈን የተሸጠ ሲዲ ባርኮድ የሚያነብለት አልነበረም። አንድ አልበም ሰፈሩን አጥለቅልቆት ሰንጠረዡ ላይ ግን ጭራሽ ላይኖር ይችል ነበር። ሰንጠረዥ አይታችሁ «ይሄ ሙዚቃ አልሰመረለትም» እንዳትሉ።

ይህ የካሊፎርኒያ ብቻ ነገር ነው?

አይደለም። ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ኤምሲ ማጂክ ናስቲቦይ ሬከርድስ የሚባል የራሱን ቤት ከፍቶ ናስቲቦይ ክሊክ የተባለውን ቡድን አወጣ። ይህ ቡድን ኋላ ኤንቢ ራይዳዝ ተባለ። የፍቅር ራፕ ነው የሚሠሩት። ሠርግ ላይም ልደት ላይም ይሰማል።

ቴክሳስ ደግሞ ሂውስተን አለች። እዚያ ሳውዝ ፓርክ ሜክሲካን የተባለው ራፐር በ1995 ዶፕ ሃውስ ሬከርድስን መሠረተ። በግል ማሳተምን እንደሱ ያሰፋው ጥቂት ነው። በ2000 ዩኒቨርሳል የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ከቤቱ ጋር ተዋዋለ። ቀጥሎ ያለውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሰውየው በ2002 በሕፃን ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት ተፈርዶበታል። ስሙን ብዙ አልበም ጀርባ ላይ ታዩታላችሁ፤ ማን እንደሆነ አውቃችሁ እዩት። እኔ ራሴ የሱን አልበሞች አልሰማም። አብረውት የሠሩት ግን የራሳቸው መንገድ አላቸው። ከካሊፎርኒያ ቫሌሆ ወደ ሂውስተን ሄዶ በዚያ ቤት ሥር የሠራው ቤቢ ባሽ ዋናው ምሳሌ ነው።

አንድ አልበም ላይ ይህን ያህል ተጋባዥ ለምን ይበዛል?

ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ለማስታወቂያ ገንዘብ የላችሁም። ሬዲዮ አያጫውታችሁም። ሳን ዲዬጎ ትታወቃላችሁ፣ ፍሬዝኖ ግን ማንም አያውቃችሁም። ፍሬዝኖ ውስጥ የሚታወቅ ልጅ ዘፈናችሁ ላይ ከገባ ግን የሱ ሰፈር ሰው ሲዲውን ያነሳል። እናንተም በተራችሁ የሱ አልበም ላይ ትገባላችሁ። ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይከፋፈሉም። ግጥም በግጥም ይለዋወጣሉ። እንደ ወንፈል በሉት። ዛሬ ያንተን እርሻ፣ ነገ የኔን።

ሁለተኛው ቤተሰብነት ነው። በአንድ ሙዚቃ ቤት ሥር ያሉ ልጆች አንዱ የሌላው አልበም ላይ መግባታቸው ግዴታ ያህል ነው። ዋናው ዘፋኝ ሦስት ዘፈን ላይ አንድ አዲስ ልጅ ያስገባል፣ በሚቀጥለው ዓመት የዚያ ልጅ የራሱ አልበም ይወጣል። ጀርባውን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል። ያ የመጋዘን ጓደኛዬ ይህን ደጋግሞ ገምቶ ያገኝ ነበር። ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ «ይሄን ልብ በለው» ይለኝ ነበር።

ሦስተኛው ዘፋኝ ማስፈለጉ ነው። ራፐሩ ይናገራል፣ አዝማቹን ግን ድምፅ ያለው ሰው መዝፈን አለበት። ኤንቢ ራይዳዝ «ኖቲስ ሚ» ላይ አንጀሊና የተባለችውን ዘፋኝ ይዘው መጡ። ቤቢ ባሽ በ2003 «ሹጋ ሹጋ»ን ሲሠራ አዝማቹን የሰጠው ለፍራንኪ ጄ ነው። ፍራንኪ ጄ ሜክሲኮ፣ ቲዋና የተወለደ፣ ከኩምቢያ ኪንግስ ባንድ የወጣ ልጅ ነው። ዘፈኑ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ 7ኛ ደረሰ። የሁለቱን ድምፅ ስትሰሙ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያንጎራጉራል።

አራተኛው ለኔ ትልቁ ነው። የጥቁርና የሜክሲኮ ልጆች አብረው መሥራታቸው። ዜናው የሚያወራው ስለ ጥላቸው ነው፤ ሲዲዎቹ ግን ሌላም ነገር ይናገራሉ። ፈንኪ አዝቴክስ የተባለው የቫሌሆ ቡድን በ1995 «ደይ ኦፍ ዘ ዴድ» የሚል አልበም አወጣ። «ስሊፒን ኢንቱ ዳርክነስ» የሚለው ዘፈናቸው ላይ የገባው ታዋቂው ራፐር ቱፓክ ነው። አዎ፣ ያው ቱፓክ። የዘፈኑ መነሻ ደግሞ ዋር የተባለው ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጫወተው ነው። በተቃራኒው የቱፓክን ትልልቅ ዘፈኖች ካቀናበሩት አንዱ ጆኒ ጄ ነው። ሜክሲኮ ተወልዶ ሎስ አንጀለስ ያደገ ሰው ነው።

ያ እንደ ሮቦት የሚዘፍነው ድምፅ ምንድን ነው?

ቶክ ቦክስ ይባላል። ሲጫወቱበት አይቻለሁ። ኪቦርዱ ጎን አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይወጣል። ተጫዋቹ ቱቦውን በአፉ ዳር ይይዘዋል። ጣቱ ቁልፉን ሲነካ ድምፁ በቱቦው አልፎ አፉ ውስጥ ይገባል። እሱ ከንፈሩንና ምላሱን እንደሚናገር ሰው ያንቀሳቅሳል፣ ከጉሮሮው ግን ምንም አያወጣም። መሣሪያው በሱ አፍ ይናገራል ማለት ነው። ምራቅ በቱቦው ይወርዳል፣ ስለዚህ አጠገቡ ሁልጊዜ ፎጣ አለ።

የዚህ ጌታ ሮጀር ትራውትማን ነው፤ ዛፕ የተባለው የኦሃዮ ባንድ መሪ። የሎውራይደር ሰዎች ያመልኩታል ማለት ይቻላል። ናስቲቦይ ክሊክ በ1997 «ዳውን ፎር ዩርስ» የሚለውን ዘፈን ሲሠሩ እሱን ራሱን አስገቡት። አስቡት፣ በግል የሚያሳትሙ የፊኒክስ ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት የኖሩትን ሰው አገኙ። ሮጀር በ1999 ሞተ። ኤምሲ ማጂክ እስከዛሬ ቶክ ቦክሱን ይጫወታል። ፊንጋዝ የተባለውም አቀናባሪ ብዙ የቺካኖ አልበም ላይ ይኸው ድምፅ አለው።

የድሮ ዘፈን ለምን ይበዛበታል?

እናትና አባት ቤት ውስጥ ሲሰሙት ያደጉበት ስለሆነ ነው። ኦልዲስ ይሉታል። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የፍቅር ዘፈን ነው፣ አብዛኛው የጥቁር ዘፋኞች። «ኢስት ሳይድ ስቶሪ» የሚባል 12 ክፍል ያለው የኦልዲስ ስብስብ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ወጣቶች መኪናቸውን ተደግፈው የቆሙበት። እሱ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

አርት ላቦ የሚባል የሬዲዮ ሰው ደግሞ ነበር፣ ትውልደ አርመን። ሰው እየደወለ ዘፈን ይመርጣል፣ መልእክት ያስተላልፋል። እስር ቤት ላለ ባል፣ ለናፈቀች እናት። የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም እየሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወዲያው ይገባዋል። በ2022 በ97 ዓመቱ እስኪያርፍ ከማይክሮፎኑ አልተለየም።

ራፐሮቹ ይህን ሁሉ ነው ቆርጠው የሚያስገቡት። ኤ ላይተር ሼድ ኦፍ ብራውን «ኦን ኤ ሰንደይ አፍተርኑን»ን የሠሩት ያንግ ራስካልስ በተባለው ባንድ የ1967 ዘፈን ላይ ነው። የድሮው ዘፋኝም፣ ስሙ ባይጻፍም፣ እንደ አንድ ተጋባዥ ነው።

ከማን ጋር አብረው አይሠሩም?

ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰሜንና የደቡብ ወንበዴ ቡድኖች ጠላትነት አለ። ሙዚቃውም ውስጥ ገብቷል። ለረጅም ጊዜ የሰሜን ራፐር ስም የደቡብ አልበም ጀርባ ላይ አይገኝም ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው የልብስ ቀለም እንኳ ይናገራል፣ ቀይ ለሰሜን፣ ሰማያዊ ለደቡብ። ሰው በዚህ ሞቷል። እኔ ይህን ክፍል አላሞግሰውም።

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙ አሉ። ሳይኮ ሪልም በሎስ አንጀለስ ፒኮ ዩኒየን ሰፈር የተነሱ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሲክ ጃከንና ቢግ ዱክ። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1997 ሲያወጡ የሳይፕረስ ሂሉ ቢ ሪል አብሯቸው ነበር። ግጥማቸው «እርስ በርስ የምንገዳደለው ማን ተጠቅሞ ነው?» እያለ የሚጠይቅ ነው። በ1999 ቢግ ዱክ ተተኮሰበትና ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በ2000 «ኤ ዋር ስቶሪ» በራሳቸው ቤት በሲክ ሲምፎኒስ ወጣ። የቢግ ዱክን ድምፅ እዚያ ላይ ስሰማ እስከ ዛሬ ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

ሴቶች የሉም?

አሉ፣ ግን ለረጅም ጊዜ አዝማች ላይ ብቻ ነበር ቦታ የሚሰጣቸው። ሚስ ክሬዚ ራሷ ራፕ እያደረገች ብዙ አድማጭ አፈራች። ሳን ሆዜ የተወለደችው ስኖ ዘ ፕሮዳክት ደግሞ በግል ጀምራ ትልቅ ኩባንያ ገባች፣ ኋላም ወጥታ ወደ ግል ሥራዋ ተመለሰች። ፍጥነቷን ስሙ። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስፓኒሽ ካላወቅኩስ?

ችግር የለም። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ጣል ጣል የሚደረገው ካሎ የሚባል የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የመጣ። ቫቶ ማለት ሰውዬው፣ ራንፍላ መኪና፣ ፊርሜ አሪፍ። ካርናል ወንድሜ እንደ ማለት ነው፣ ሥሩ ግን ሥጋ ከሚለው ቃል ነው። እኛ የሥጋ ዘመድ እንደምንለው።

ከየትኛው አልበም ልጀምር?

ሊል ሮብ ላይ ጀምሩ። ከሳን ዲዬጎ በስተሰሜን ሶላና ቢች ውስጥ ላ ኮሎኒያ ከሚባል ትንሽ ሰፈር የወጣ ነው። በግል ሲሠራ ቆይቶ በ2005 «ትዌልቭ ኤይቲን»ን አወጣ። ርዕሱ 12 እና 18 ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ኤል እና አር፣ የስሙ መነሻ። «ሰመር ናይትስ» የሚለው ዘፈን ያለው እዚህ ነው። ድምፁ ቀዝቃዛ ነው፣ አይቸኩልም። መኪና እየነዳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ አመሻሽ ላይ ስሙት።

ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ ሳይኮ ሪልም። የፍቅር ከሆነ ኤንቢ ራይዳዝ። ጥንቱን ማወቅ ለሚፈልግ ኪድ ፍሮስት። የኪድ ፍሮስት ልጅ ስኩፕ ዴቪልም አቀናባሪ ነው፣ ለኬንድሪክ ላማር «ዘ ሬሲፒ»ን የሠራው እሱ ነው።

ስልክ ላይ ብሰማው ምን ይቀርብኛል?

ዘፈኑ አይቀርባችሁም። ወረቀቱ ግን ይቀርባችኋል። ሲዲው ውስጥ የታጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። የመጨረሻው ገጽ የምስጋና ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ አንዳንዴ በመብራት ካልሆነ አይነበብም። እናት፣ የሞተ ወንድም፣ ብድር የሰጠ አጎት፣ መኪናውን ቀለም የቀባ ልጅ፣ ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ባለሱቅ፣ ሁሉም በስም ይመሰገናሉ።

ያ ጓደኛዬ የሰጠኝን ሲዲ እስካሁን አልመለስኩለትም። ሲሰጠኝ የምስጋናውን ገጽ ገልጦ በስልኩ መብራት አሳይቶኝ ነበር። መካከል ላይ የአንድ መንገድ ስም አለ። ያደገበት መንገድ ነው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ወረቀቱ ነጥቷል።